ምስል የበዛበት ገጽ ሳይንቀራፈፍ እንዲከፈት፦ ከመለካት እስከ መጨረሻው ፍተሻ

አንድ ምስል ብራውዘር ላይ ሁለት ጊዜ ይከብዳል። መጀመሪያ በኔትወርክ ሲመጣ በፋይሉ ክብደት ልክ፤ ቀጥሎ ተፈትቶ ሜሞሪ ላይ ሲዘረጋ በፒክስሎቹ ብዛት ልክ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ሸክም ብቻ ነው። ፎቶውን ጨምቆ ጨምቆ 300 ኪሎባይት ካደረሰ በኋላ ገጹ ስልክ ላይ አሁንም ሲጎተት ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ብራውዘሩ ምስሉን ስክሪን ላይ ለመሳል የተጨመቀውን ፋይል ይፈታና ለእያንዳንዱ ፒክስል አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ይይዛል፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነት አንድ አንድ ባይት። 4000 በ3000 የሆነ የስልክ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ስላለው ሲፈታ 48 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፋይሉ 4 ሜጋባይትም ይሁን 400 ኪሎባይት ይህ ቁጥር ያው ነው። ፎቶው 800 በ600 ሆኖ ቢቀርብ ግን 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ባለ 4000 ፒክስል ፎቶዎች 20 የተደረደሩበት ገጽ እንግዲህ ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ሜሞሪ ሊጠይቅ ይችላል። ብራውዘሮች ይህን ለማቅለል የራሳቸው ዘዴዎች አሏቸው፤ አንዱ ከዕይታ የወጣውን ምስል ከሜሞሪ መጣል ነው። ተጠቃሚው ተመልሶ ወደ ላይ ሲያንሸራትት ግን ምስሉ እንደገና መፈታት አለበት። ለቅጽበት ባዶ ሆኖ የሚታየው ቦታና የሚደነቃቀፈው እንቅስቃሴ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ስለዚህ ሥራው በዚህ ተራ ይሄዳል፦ መለካት፣ ስፋቱን ማሳነስ፣ ከዚያ መጭመቅ፣ በመጨረሻ ገጹ ምስሎቹን በትክክለኛው ሰዓት እንዲጠራ ማድረግ። ሳያሳንሱ መጨመቅ ግማሽ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ይለዩ

ገጹን በኮምፒውተር ላይ በክሮም ወይም በኤጅ ይክፈቱ። ኤፍ12ን ይጫኑ፤ ማክ ላይ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና አይ አንድ ላይ ነው። የሚከፈተው የገንቢዎች መሣሪያ ላይ «ኔትወርክ» የሚለውን ታብ ይምረጡ፣ «ዲሴብል ካሽ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ (ካሽ ብራውዘሩ አንዴ ያወረደውን ፋይል ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው)፣ ከማጣሪያዎቹ ምስልን ብቻ ይምረጡና ገጹን እንደገና ይጫኑ። እስከ ታች ድረስ ቀስ ብለው ያንሸራትቱ፤ አንዳንዱ ምስል የሚጠራው ሲደርሱበት ብቻ ነውና። ከዚያ «ሳይዝ» የሚለው ዓምድ ራስ ላይ ጠቅ ካደረጉ ከባድ ከባዶቹ ፋይሎች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወደ ታች ከሄዱ እንደገና ጠቅ ያድርጉ። በብዙ ገጾች ላይ ከጠቅላላው ክብደት አብዛኛውን የሚይዙት ጥቂት ፋይሎች ናቸው፤ ከእነሱ ይጀምሩ።

አንዱን ከባድ ምስል ይምረጡና «ታይሚንግ» የሚለውን ይክፈቱ። እዚህ ሦስት መስመሮችን ማየት ይበቃል። ሰርቨሩ እስኪመልስ የተጠበቀበት ጊዜ ረጅም ከሆነ ጥፋቱ የሰርቨሩ ወይም የርቀቱ ነው፤ ምስሉን መጭመቅ ብዙም አይረዳም። የማውረጃው ጊዜ ከረዘመ ፋይሉ ከብዷል። ምስሉ ተራ ሲጠብቅ የቆየበት ጊዜ ከረዘመ ደግሞ ሌሎች ፋይሎች ቀድመውታል፤ በተለይ ሰርቨሩ በአሮጌው የፋይል ማስተላለፊያ ስምምነት በኤችቲቲፒ 1.1 የሚሠራ ከሆነ ብራውዘሩ ለአንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ የሚከፍተው 6 መስመር ብቻ ስለሆነ ሰባተኛው ምስል በር ላይ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩን ወደ ኤችቲቲፒ 2 ማሻገር ከማንኛውም ጭመቃ በፊት ይቀድማል።

ቀጥሎ «ኤለመንትስ» ወደሚለው ታብ ይሂዱና የምስሉ አድራሻ ላይ ማውዙን ያሳርፉ። ሁለት ልኮች ይታያሉ፦ ምስሉ በገጹ ላይ የያዘው ቦታና የፋይሉ የራሱ ልክ። የመጀመሪያው 360 በ270 ሆኖ ሁለተኛው 4000 በ3000 ከሆነ ዋናውን ጥፋት አግኝተዋል። ብራውዘሩ ከ120 ፒክስል አንዱን ለማሳየት 120ውንም አውርዷል ማለት ነው።

የሜሞሪውን ሸክም ለማየት በዊንዶውስና በሊኑክስ ክሮም ውስጥ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። የብራውዘሩ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የዓምዶቹ ራስ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኢሜጅ ካሽ» የሚለውን ዓምድ ማስጨመር ይቻላል። ፋየርፎክስ ላይ አድራሻ መጻፊያው ውስጥ «አባውት» ብለው ሁለት ነጥብ አስከትለው «ፕሮሰስስ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉ እያንዳንዱ ታብ የያዘውን ሜሞሪ ያያሉ።

ስፋቱን ይወስኑ፣ ያሳንሱ

ሕጉ አጭር ነው፦ ምስሉ በገጹ ላይ የሚይዘውን ስፋት በ2 ያባዙ። በ2 የሚባዛው የዛሬ ስልኮችና ብዙ ላፕቶፖች ገጹ በሚቆጥረው አንድ ፒክስል ስፋት ላይ 2 ወይም 3 እውነተኛ ፒክስል ስለሚደረድሩ ነው። የጽሑፍ ዓምዱ 720 ከሆነ ምስሉን 1440 ያድርጉት። በዝርዝር ላይ 160 ሆኖ ለሚወጣ ትንሽ ምስል 320 ይበቃል። ባለ 3 እጥፍ ስክሪን ላለው ስልክ በ3 ማባዛት አለብኝ ወይ ለሚል፣ ፎቶ ከሆነ አያስፈልግም፤ ልዩነቱን ዓይን እምብዛም አይለየውም፣ የፒክስሉ ብዛት ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህ የሚለየው ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት የስክሪን ቅጂ ነው። እሱ ላይ አይሰስቱ።

ለማሳነስ ጊምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፦

1. ኦርጅናሉን በሌላ ፎልደር ያስቀምጡና በቅጂው ላይ ይሥሩ።
2. ምስሉን ሲከፍቱ ፕሮግራሙ «ይዙር ወይ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ ይበሉ። ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።
3. «ኢሜጅ» ከሚለው ሜኑ «ስኬል ኢሜጅ»ን ይምረጡ። ስፋቱ ላይ 1440 ብለው ይጻፉ፤ በስፋቱና በቁመቱ መካከል ያለው ሰንሰለት መሳይ ምልክት የተያያዘ መሆኑን ይመልከቱ፣ ከተለያየ ምስሉ ይንጋደዳል።
4. «ፋይል» ከሚለው ሜኑ «ኤክስፖርት አዝ»ን ይምረጡ። የሚከፈተው ሳጥን ላይ የኤግዚፍ መረጃ (ካሜራው ፎቶው ውስጥ የሚጽፈውን ድብቅ መረጃ) የሚያስቀምጠውን ምልክት ያንሱ፣ የጥራቱን ቁጥር ይወስኑና ያስቀምጡ።

ምንም መጫን ለማይፈልግ ስኩሽ የሚባለው የጉግል ክሮም ቡድን መሣሪያ በራሱ በብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ምስሉ ከኮምፒውተርዎ ሳይወጣ ይጨመቃል፣ ኦርጅናሉንና ውጤቱን ጎን ለጎን በሚንሸራተት መስመር ያሳያል። ለአንድ ሁለት ምስል ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሦስት ነገር እዚህ ላይ ያበላሻል። አንደኛ፣ ትንሽ ምስልን ማሳደግ፤ ከሌለው ዝርዝር አይፈጥርም፣ ክብደት ብቻ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የተጨመቀን ጄፔግ ከፍቶ ደጋግሞ ማስቀመጥ፤ በእያንዳንዱ ዙር ጉዳቱ ይደራረባል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከኦርጅናሉ ይነሱ።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ በፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን መረጃ ሳያስቡ መላጨት ነው። ኤግዚፍ የሚባለው መረጃ ውስጥ ፎቶው የተነሳበት ቦታ መጋጠሚያ ሊኖር ስለሚችል ማውጣቱ ተገቢ ነው፤ የሰው ቤት አድራሻ ከፎቶ ጋር አብሮ መለቀቅ የለበትም። ነገር ግን ስልክ ቀጥ ብሎ ያነሳውን ፎቶ ብዙ ጊዜ በጎኑ አስቀምጦ «ስታሳየው አዙረው» የሚል ምልክት እዚያው ኤግዚፉ ውስጥ ይጽፋል። ፒክስሎቹን ሳያዞሩ ምልክቱን ከሰረዙት ፎቶው ገጽዎ ላይ በጎኑ ተኝቶ ይወጣል። ከላይ በሁለተኛው ተራ «እሺ ይበሉ» ያልነው ለዚህ ነው። ቀለሞቹ እንዴት መነበብ እንዳለባቸው የሚናገረው የቀለም ፕሮፋይልም እንዲሁ ነው። ሰፊ የቀለም ክልል ያለው ስልክ ወይም ካሜራ ያነሳው ፎቶ ፕሮፋይሉ ሲላጭ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ቀዩ ይሞታል። መጀመሪያ በድረ ገጽ ላይ ወደተለመደው የቀለም ክልል፣ ወደ ኤስአርጂቢ፣ ይቀይሩት፣ ከዚያ መረጃውን ያውጡ።

ፎርማቱንና ጥራቱን ይምረጡ

ለፎቶ ጄፔግ፣ ዌብፒ ወይም ኤቪፍ። ለሎጎና ለመስመር ሥዕል ኤስቪጂ፤ በፒክስል ሳይሆን በቅርጽ ስለሚጻፍ በየትኛውም ልክ ጥርት ይላል። ጽሑፍ ላለበት የስክሪን ቅጂና ስለታም ጠርዝ ላለው ሰንጠረዥ ፒኤንጂ ወይም ሳይጎድል የሚጨምቀው የዌብፒ ዓይነት። ፎቶን በፒኤንጂ ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ፋይሉን ብዙ እጥፍ ያከብደዋል፣ በዓይን ግን ምንም አይጨምርም። ተንቀሳቃሽ ጊፍን በተመለከተ አቋሜ ቁርጥ ያለ ነው፦ ከ256 ቀለም በላይ አይዝም፣ እየከበደ ሜሞሪ ይበላል፤ ድምፅ አልባ አጭር ቪዲዮ ያድርጉት። ቪዲዮው ላይ በራሱ እንዲጀምር፣ እንዲደጋገም፣ ድምፁ እንዲዘጋና በስልክ ላይ እዚያው ገጹ ውስጥ እንዲጫወት የሚያዙትን አራት አትሪቢዩቶች (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፉ ትእዛዞች) ካከሉበት ከጊፍ አይለይም።

የጥራት ቁጥሩ በፎርማቶቹ መካከል አይነጻጸርም። በጄፔግ ከ75 እስከ 85፣ በዌብፒ ከ75 እስከ 80፣ በኤቪፍ ከ50 እስከ 60 ጥሩ መነሻ ነው። የጄፔግን 80 ወስዶ ኤቪፍ ላይ የሚጽፍ ሰው ያለ ጥቅም የከበደ ፋይል ያገኝና «አዲሱ ፎርማት ምንም አልረባም» ይላል። ዌብፒን ሁሉም ዋና ብራውዘሮች ይከፍቱታል፤ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2020 በ14ኛው ስሪት ተቀብሎታል። ኤቪፍን ክሮም በ2020፣ ፋየርፎክስ በ2021፣ ሳፋሪ በ2022 ተቀበሉት፤ አሮጌ ስልክ ለያዘ አንባቢ ግን አሁንም መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ኤቪፍ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የቀለለ ፋይል ቢሰጥም ለመጭመቅ ይዘገያል፣ ሲፈታም ከጄፔግ የበለጠ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ባለ ብዙ ትናንሽ ምስል ዝርዝር ላይ እኔ ዌብፒን እመርጣለሁ፤ ኤቪፍን ለትልልቆቹ ይተዉት።

ከጨመቁ በኋላ ውጤቱን በ100 ፐርሰንት ከፍተው አራት ቦታ ይመልከቱ፦ ሰማይ ወይም ጥርት ያለ ግድግዳ ላይ እርከን እርከን የሆነ ቀለም፣ ፀጉርና ሣር ላይ የጠፋ ዝርዝር፣ ጽሑፍ ዙሪያ የተበተነ ጥቃቅን ነጠብጣብ፣ ቀይ ነገር ጠርዝ ላይ የፈሰሰ ቀለም። የመጨረሻው የሚመጣው ጄፔግ ከብርሃን ይልቅ ቀለምን በዝቅተኛ ልክ ስለሚያስቀምጥ ነው። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ምስል ከሆነ ፕሮግራሙ ላይ የቀለም ቅነሳውን 4፡4፡4 ወደሚለው፣ ማለት ቀለሙን ወደማይቀንሰው፣ ይቀይሩት፤ ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ጽሑፉ ግን ይጠራል።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ ለውጦ ፎርማቱ ተቀየረ ማለት ደግሞ አይሆንም። ፋይሉ ውስጡ ያው ነው፤ አንዳንዱ ሰርቨርም በስሙ ተመርቶ የተሳሳተ ዓይነት ስለሚናገር ምስሉ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል።

ገጹ ውስጥ የሚጻፈው

የምስሉ ታግ (ገጹ ውስጥ ምስሉን የሚጠራው ኮድ) ላይ ከአድራሻው ቀጥሎ ስፋቱንና ቁመቱን በቁጥር ይጻፉ፦ ዊድዝ 1440፣ ሃይት 1080። ብራውዘሩ ከሁለቱ ቁጥሮች የምስሉን ምጣኔ ያሰላና ፋይሉ ገና ሳይመጣ ቦታ ይይዝለታል። ካልተጻፈ ጽሑፉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ምስሉ ሲደርስ ወደ ታች ይገፋዋል፤ አንባቢው ሊጫን የፈለገው ሊንክ ከጣቱ ሥር ይሸሻል። ጉግል ይህን መንሸራተት ሲኤልኤስ በሚባል ቁጥር ይለካል፣ ጥሩ የሚባለው 0.1 እና ከዚያ በታች ነው። ቁጥሮቹን ሲያስገቡ የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤሱ ላይ፣ ትልቁ ስፋት 100 ፐርሰንት፣ ቁመቱ «አውቶ» መሆን አለበት። «አውቶ»ን የረሳ ሰው ስልክ ላይ ወደ ላይ የተለጠጠ ምስል ያገኛል።

አሁን ለተለያየ ስክሪን የተለያየ ፋይል ማቅረብ። ያንኑ ምስል በ400፣ በ800፣ በ1200 እና በ1600 ስፋት ያዘጋጁ። «ስርክሴት» በሚባለው አትሪቢዩት ውስጥ የየፋይሉን አድራሻና ስፋት ይዘረዝራሉ፤ ስፋቱ ቁጥሩ ተጽፎ የእንግሊዝኛዋ ደብልዩ ፊደል ይለጠፍበታል። «ሳይዝስ» በሚባለው ደግሞ ምስሉ በገጹ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ይነግሩታል፤ ለምሳሌ ስክሪኑ እስከ 600 ፒክስል ከሆነ የስክሪኑን ሙሉ ስፋት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 720 ፒክስል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ብራውዘሩ ምስል የሚመርጠው ሲኤስኤሱ ሳይደርስ በፊት ስለሆነ ምስሉ በመጨረሻ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ሳይዝስ» ከሌለ የስክሪኑን ሙሉ ስፋት ይይዛል ብሎ ይገምታል። 300 ፒክስል ለሚይዝ ምስል በትልቅ ስክሪን ላይ 1600ውን ያወርዳል፤ አራት ፋይል ያዘጋጁበት ድካም ከንቱ ይቀራል።

ሲፈትሹም ይጠንቀቁ፦ ክሮም ትልቁን ፋይል አንዴ ካወረደ በኋላ መስኮቱን ቢያጠቡት ትንሹን እንደ አዲስ አይጠራም፣ ካሽ ውስጥ ያለውን ይጠቀማል። «አልሠራም» ከማለት በፊት ካሹን አጥፍተው ገጹን በጠባብ መስኮት እንደገና ይጫኑ።

ፎርማትን ማማረጥ ከፈለጉ «ፒክቸር» የሚባለውን ታግ ይጠቀሙ። ብራውዘሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ መክፈት የሚችለውን የመጀመሪያውን ይወስዳል። ስለዚህ ኤቪፍ ከላይ፣ ዌብፒ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ ተራው የምስል ታግ ከጄፔግ ጋር። ዌብፒን ከላይ ካደረጉት ኤቪፍን ማንም አያየውም።

ትናንሽ ምስሎችን ቤዝ64 በሚባለው ዘዴ ጽሑፍ አድርጎ ገጹ ውስጥ መቅበር አንድ ጊዜ ፋሽን ነበር። ክብደቱን በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ ለብቻው ካሽ ውስጥ አይቀመጥም፣ ገጹም እስኪነበብ ያዘገያል። ከጥቂት መቶ ባይት ለማይበልጥ ምልክት ካልሆነ ይተዉት።

የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቆይ

ገጹ ሲከፈት ሳያንሸራትቱ የሚታየው ትልቁ ምስል ከሁሉ በፊት መምጣት አለበት። ጉግል ኤልሲፒ ብሎ የሚለካው ትልቁ ይዘት እስኪታይ ያለውን ጊዜ ነው፤ ከጉብኝቶቹ 75 ፐርሰንቱ ላይ 2.5 ሰከንድና ከዚያ በታች መሆን አለበት።

ለዚህ ምስል «ፌችፕራዮሪቲ» የሚባለውን አትሪቢዩት «ሃይ» ብለው ይስጡት። በገጽ አንድ ወይም ሁለት ምስል ብቻ፤ ሁሉም ቅድሚያ ካገኘ ማንም ቅድሚያ አላገኘም። ምስሉ በተራ የምስል ታግ መጻፉንም ይመልከቱ። ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ዋና ኮድ) እየወረደ እያለ ወደ ፊት እየቃኘ የምስል አድራሻዎችን ይለቅማል፤ ሲኤስኤስ ውስጥ እንደ ጀርባ ምስል የተጻፈውን ወይም በጃቫስክሪፕት የሚገባውን ግን አያገኘውም፤ ሲኤስኤሱ ወይም ስክሪፕቱ ወርዶ እስኪነበብ ይጠብቃል። በዝግተኛ ኮኔክሽን ይህ ብቻውን ሰከንዶች ይበላል። ተንሸራታች የፎቶ ማሳያዎች ገጽ የሚያዘገዩት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። የጀርባ ምስሉን መተው ካልተቻለ ገጹ ራስጌ ላይ «ፕሪሎድ» የሚባለውን፣ ፋይሉን አስቀድመህ ጥራ የሚል ሊንክ ያስገቡለት።

ከታች ያሉት ምስሎች ላይ «ሎዲንግ» የሚለውን «ሌዚ» ያድርጉ። አንባቢው ሲቃረብ ብቻ ይጠራሉ። የሚያስቆጨው ስህተት ይህን ትእዛዝ በጅምላ ሁሉም ምስል ላይ መለጠፍ ነው። «ሌዚ» የሆነ ምስል ብራውዘሩ የገጹን አቀማመጥ አስልቶ ምስሉ ቅርብ መሆኑን እስኪያረጋግጥ አይጠራም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ምስል ላይ ከተጻፈ ያፋጥናል የተባለው ያዘገያል። ብዙ የድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕለጊኖች ይህንኑ ስለሚያደርጉ የመጀመሪያውን ምስል የሚያስቀርበትን ሴቲንግ ይፈልጉ።

አጭር ገጽ ላይ «ሌዚ» አልሠራም ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ክሮም በፈጣን ኮኔክሽን ምስሉ 1250 ፒክስል ሲቀረው፣ በዝግተኛ ኮኔክሽን ደግሞ 2500 ፒክስል ሲቀረው መጥራት ይጀምራል። ገጹ ከዚያ ካልረዘመ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ጤነኛ ነው።

በጣም ረጅም ዝርዝር ላይ «ኮንቴንት ቪዚቢሊቲ»ን «አውቶ» ማድረግ ብራውዘሩ ከዕይታ ውጭ ያሉትን ክፍሎች ከመሳል እንዲቆጠብ ያደርገዋል። አብሮት ግምታዊ ቁመት ካልሰጡት የጎን ማንሸራተቻው ይዘላል። ምስሎች ላይ በሲኤስኤስ የሚደረግ ትልቅ ማደብዘዝና ጥላም ዋጋ አለው፤ አነስተኛ ስልክ ላይ ሲያንሸራትቱ ይሰማል። የደበዘዘ ጀርባ ከፈለጉ ምስሉን አስቀድመው አደብዝዘው ትንሽ አድርገው ያስቀምጡት።

ካሽ

ተመላልሶ የሚመጣ አንባቢ ያንኑ ሎጎና ያንኑ ፎቶ ደጋግሞ ማውረድ የለበትም። ሰርቨሩ ላይ ለምስሎች «ካሽ ኮንትሮል» የሚለውን ራስጌ (ሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር የሚልከውን መመሪያ) በ31536000 ሰከንድ፣ ማለት ለ1 ዓመት፣ ያድርጉና «ኢሚዩተብል» የሚለውን ቃል ያክሉበት። ይህ የሚሠራው ምስሉ ሲለወጥ ስሙም የሚለወጥ ከሆነ ነው። በአንድ ስም ላይ አዲስ ምስል ከጫኑ የድሮ ጎብኚዎች አሮጌውን ማየት ይቀጥላሉ፤ ወደየብራውዘራቸው ገብተው ሊያጠፉላቸው አይችሉም። ስሙ ላይ የስሪት ቁጥር ወይም ከይዘቱ የተሰላ አጭር ኮድ ይጨምሩ። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ ገጹ በተከፈተ ቁጥር የምስሉ አድራሻ መጨረሻ ላይ አዲስ ቁጥር የሚለጥፍ ስክሪፕት ካለ ብራውዘሩ እንደ አዲስ ምስል ይቆጥረዋል፣ ካሽ የሚባል ነገር አይኖርም። ኔትወርክ ታቡ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሲከፍቱ በመጠኑ ፈንታ «ዲስክ ካሽ» ወይም «ሜሞሪ ካሽ» የሚል ካላዩ እዚህ ይፈልጉ፤ «ዲሴብል ካሽ» ላይ ያደረጉትን ምልክት ማንሳትዎን ግን አይርሱ።

ፍተሻ

አዲስ የኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱ፤ ኤክስቴንሽኖች ውጤቱን ያዛባሉና። ኔትወርክ ታቡ ላይ ፍጥነቱን ወደ ዝግተኛ 4ጂ፣ «ፐርፎርማንስ» ታብ ላይ ፕሮሰሰሩን 4 እጥፍ ወደ ቀዘቀዘ ይቀይሩ። እዚያው የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ያለውን የገጽ ፍጥነት መመዘኛ፣ ላይትሃውስን፣ በሞባይል አማራጭ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያስኪዱና የመካከለኛውን ውጤት ይያዙ፤ የአንድ ጊዜ ቁጥር ይዋዥቃል። ከዚያ በኋላ በእውነተኛ፣ በተለይ ሜሞሪው አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ ገጹን እስከ ታች አንሸራትተው በፍጥነት ወደ ላይ ይመለሱ። ኮምፒውተር ላይ 100 ያገኘ ገጽ እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ የሜሞሪው ሸክም ራሱን የሚገልጠው በዚህ እንቅስቃሴ ነው።

ገጹ የእርስዎ ካልሆነ

የሌላ ሰው ገጽ ላይ ምስሉን ማሳነስ አይችሉም፤ ብራውዘርዎን ግን መርዳት ይችላሉ።

ክሮም ላይ በሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ክፍል «ሜሞሪ ሴቨር»ን ያብሩ፤ ለጊዜው የማይጠቀሙባቸውን ታቦች ከሜሞሪ ያወጣል። ተመልሰው ሲሄዱ ገጹ እንደገና ስለሚጫን ፎርም እየሞሉበት ያለውን ድረ ገጽ ሁልጊዜ ነቅቶ ከሚቆዩት ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። ኤጅ ላይ ተመሳሳዩ «ስሊፒንግ ታብስ» ይባላል።

ዳታ ለመቆጠብ ምስሎችን ጭራሽ መዝጋት ይቻላል። ክሮም ላይ በ«ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኢሜጅስ» የሚለው ስር ነው፤ ሁሉንም ዘግቶ ለመረጡት ድረ ገጽ ብቻ መፍቀድም ይቻላል። ፋየርፎክስ ላይ በዝርዝር ማስተካከያው ገጽ (አድራሻ መጻፊያው ውስጥ «አባውት» ብለው ሁለት ነጥብ አስከትለው «ኮንፊግ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ የሚከፈተው) ውስጥ «ፐርሚሽንስ ዲፎልት ኢሜጅ» የሚለው ቁጥር 1 ከሆነ ሁሉም ይታያል፣ 2 ሁሉንም ይዘጋል፣ 3 ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጡትን ብቻ ይዘጋል።

ካሽን በየሳምንቱ ማጽዳት ብራውዘርን ያፈጥናል የሚለው ምክር ስህተት ነው። ካሹ የተቀመጠው ለማፍጠን ነው፤ ካጸዱት ሁሉም ምስል እንደገና ይወርዳል። የሚጸዳው ምስል ተቆራርጦ ወይም አሮጌው ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያኔም መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አርን አንድ ላይ ተጭነው ይሞክሩ፣ የዚያን ገጽ ብቻ እንደ አዲስ ያወርዳል። ካልሆነ በማጽጃው ሳጥን ላይ የተቀመጡ ምስሎችና ፋይሎች የሚለውን ብቻ ምልክት አድርገው ኩኪውን ይተዉት፤ አለዚያ ከገቡበት አካውንት ሁሉ ይወጣሉ።

ምስሎች ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ካዩ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ችግር ነው። በሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም» ስር የሃርድዌር ማፋጠኛውን አጥፍተው ብራውዘሩን ዘግተው ይክፈቱ። ከተስተካከለ ድራይቨሩን ያድሱና ማፋጠኛውን መልሰው ያብሩት፤ ጠፍቶ ከቀረ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ጭራሽ የማይመጣ ምስል ሲያጋጥም ኔትወርክ ታቡ ላይ ያለው ቁጥር ይናገራል። 404 ከሆነ ፋይሉ እዚያ የለም፣ ወይም ስሙ በትልቅና በትንሽ ፊደል ተለያይቷል። 403 ከሆነ ብዙ ጊዜ ምስሉ ያለበት ሰርቨር በሌላ ድረ ገጽ ላይ እንዲታይ አልፈቀደም። በእገዳ የቆመ ከሆነ ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን በስሙ ጠርጥሮት ይሆናል፤ በኢንኮግኒቶ ከታየ እሱ ነው። ኤችቲቲፒኤስ በሆነ ገጽ ውስጥ አድራሻው በኤችቲቲፒ የሚጀምር ምስል ከሆነ ደግሞ ብራውዘሩ ራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሊቀይረው ይሞክራል፤ የምስሉ ሰርቨር ኤችቲቲፒኤስ ከሌለው ምስሉ አይመጣም፣ መፍትሔውም በገጹ ባለቤት እጅ ነው።